የመስኮት ሸራ ጥላ አመራረጥ፦ ለሃሉንዳ አፓርታማ ነዋሪዎች

ማርኪስ በሚለው የስዊድንኛ ስሙ የሚታወቀው የመስኮት ሸራ ጥላ ከመስታወቱ ውጭ ተሰቅሎ የፀሐይን ጨረር ቤት ሳይገባ የሚያስቀር ጨርቅ ነው። አመራረጡን የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው፦ መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫ፣ ከባለንብረቱ የሚገኘው ፈቃድ፣ የሸራው አሠራር፣ መጠኑና ጨርቁ። የነፋስ ጉዳይ፣ አተካከሉና የግዢ ውሉ ከእነዚህ ቀጥለው ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉ ሲጠበቅ የሚገዛው ሸራ ለመስኮቱም ለሕንፃውም ይስማማል፤ ሲዘለል ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሸራ ምሽት ላይ ጥላ ሳይሰጥ ወይም በባለንብረቱ ትእዛዝ ተነቅሎ ሊቀር ይችላል።

ሃሉንዳ ከስቶክሆልም ደቡብ ምዕራብ፣ በቦትሺርካ ማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ትልልቆቹ የአካባቢው አፓርታማዎች ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት በተነሣችበት መርሐ ግብር ዘመን የታነጹ ሲሆኑ፣ የምድር ባቡሩ ቀይ መስመርም በ1975 እዚያ ደርሷል። ሕንፃዎቹ ሲታቀዱ ዋናው ጭንቀት ብርድ ነበር። በጋው ግን ራሱን የቻለ ችግር ሆኖ መጥቷል፤ በስቶክሆልም የሙቀት ልኬት ከተጀመረበት ከ1756 ወዲህ እንደ ጁላይ 2018 የሞቀ ጁላይ አልተመዘገበም። የስዊድን የአየር ጠባይ ተቋም የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ቢያንስ ለአምስት ተከታታይ ቀናት 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን የሙቀት ማዕበል ይለዋል። ይህ መጠን በኢትዮጵያ ቆላ ለኖረ ሰው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ በሚረዝምበት ወቅት፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ የክፍሉ ሙቀት ከውጭው በልጦ ሌሊቱን በሙሉ ሊቆይ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ፣ የኩላሊት ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው።

ሙቀቱ የሚገባበት መንገድ

የፀሐይ ጨረር መስታወትን በቀላሉ ያልፋል። ወለሉን፣ ሶፋውንና ግድግዳውን ሲመታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚያወጣው ጨረር ግን የሞገድ ርዝመቱ ስለተለወጠ በመጣበት መንገድ መውጣት አይችልም፤ መስታወቱ ያግደዋል። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ጨረሩን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ በመሆኑ ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ለክፍሉ ያካፍላል። ከውጭ ያለ ሸራ ቢሞቅም ሙቀቱን የሚሰጠው ለደጁ አየር ነው። የአመራረጡ ሁሉ መሠረት ይህ ነው፦ ጨረሩ መያዝ ያለበት ከመስታወቱ በፊት ነው።

መጠኑን በሂሳብ ማየት ይቻላል። ጥርት ባለ የበጋ ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት የምታገኘው መስኮት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 600 ዋት ገደማ ይቀበላል። ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር የሆነ ባለሁለት መስታወት መስኮት ከዚህ ከአሥር ሰባት እጁን ቢያሳልፍ፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው ከ800 ዋት ይበልጣል፤ በጁላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለኩሶ እንደ መተው ያህል ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለሸማቾች በሚሰጠው ምክር የመስኮት ሸራ ጥላ በበጋ የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት በደቡብ መስኮት እስከ 65 በመቶ፣ በምዕራብ መስኮት እስከ 77 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል።

የሕንፃው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ኮንክሪት ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ለብዙ ቀናት የጋለ ቤት አንድ ምሽት መስኮት ስለተከፈተ ብቻ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ሸራ የሚጠቅመው ሙቀቱ ከገባ በኋላ ሲዘረጋ ሳይሆን ከመግባቱ አስቀድሞ ሲዘረጋ ነው።

ደረጃ 1፦ የመስኮቱን አቅጣጫና የፀሐይን ከፍታ መለየት

አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ በዓመቱ ዝቅተኛ በምትሆንበት በዲሴምበር እንኳ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ሃሉንዳ ላይ በዓመቱ ከፍተኛ በሆነችበት በጁን 21 ቀትር የምትደርሰው 54 ዲግሪ ብቻ ነው። የሃሉንዳ ከፍተኛ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ዝቅተኛ የቀትር ፀሐይ ታንሳለች ማለት ነው። በኢትዮጵያ ሰፊ የጣራ ክፈፍ ወይም በረንዳ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ፀሐይ ከአናት ስለምትመጣ ነው። በስዊድን ግን ፀሐይ ከጎን፣ በክፈፉ ሥር ገብታ መስታወቱን ስለምትመታ ጥላው ወደ ፊት መውጣት ብቻ ሳይሆን ወደ ታች መውረድም አለበት።

በጁን መጨረሻ ፀሐይ በሃሉንዳ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ (3:30) ሲሆን የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት (22:00) ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የምትሄድበት መንገድ ለየአቅጣጫው የተለያየ ፍላጎት ይፈጥራል።

የምሥራቅ መስኮት ፀሐይን በቀጥታ ፊት ለፊት የሚያገኘው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው (7:50) ሲሆን ከፍታዋም 28 ዲግሪ ያህል ነው። የመኝታ ክፍል ከሆነ ብርሃኑ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሙቀቱ ግን ከሌሊቱ ቅዝቃዜ በኋላ ስለሚመጣ ከምዕራቡ ይቀላል።

የደቡብ መስኮት ፀሐይን ፊት ለፊት የሚያገኘው ከቀኑ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው (12:50) ነው። በጁን ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል ወደ ፊት የወጣ ጥላ ይበቃል። በኦገስት አጋማሽ ግን የቀትር ከፍታው ወደ 45 ዲግሪ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል፤ ጥላውም በዚያው ልክ ረዘም ማለት ይኖርበታል።

የምዕራብ መስኮት ከሁሉ አስቸጋሪ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት (18:00) ላይ ፀሐይ ምዕራብ ገደማ፣ በ26 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00) ላይ ደግሞ ወደ 12 ዲግሪ ትወርዳለች። ይህ ሙቀት የሚመጣው ሕንፃው ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ከዋለ በኋላ፣ ቤተሰብ ከሥራና ከትምህርት ቤት ተመልሶ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። በጀቱ ለአንድ መስኮት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የሰሜን መስኮትም በበጋ ከፀሐይ ነጻ አይደለም፤ በጁን ፀሐይ የምትወጣውና የምትጠልቀው ከሰሜን 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ራቅ ብላ ነው። ጨረሩ ደካማና አጭር በመሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ መጋረጃ ይበቃዋል።

አቅጣጫው በስልክ ኮምፓስ ይለያል። ከዚያ በአንድ ፀሐያማ ቀን ጨረሩ በየትኛው መስኮት፣ በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ በወረቀት ይመዘገባል። ከላይ ያለው ጎረቤት በረንዳ፣ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ወይም ዛፍ የሚያጠላበት ሰዓትም አብሮ ይጻፋል። በላይኛው በረንዳ የተሸፈነ የደቡብ መስኮት በጁን ቀትር ጥላ ውስጥ ሊሆንና ሸራ ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ፈቃድ ማግኘት

የሕንፃው የውጭ ግድግዳ የተከራዩ አይደለም። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው፣ አከራዩ እንደ ቦትሺርካቢግገን ያለ የማዘጋጃ ቤት ድርጅትም ሆነ የግል ኩባንያ፣ ከግድግዳው ውጭ ምንም ነገር ከመስቀሉ በፊት የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቃል። ቡስታድስሬት በሚባለው፣ ነዋሪው የመኖሪያ መብቱን ገዝቶ በሚኖርበት የማኅበር ቤት ያለው ደግሞ የማኅበሩን ቦርድ ይጠይቃል። ብዙ ማኅበራት የሕንፃው ገጽታ አንድ ወጥ እንዲሆን የሸራውን ዓይነትና የጨርቁን ቀለም ቁጥር አስቀድመው ወስነዋል፤ ይህ ሳይታወቅ የሚመረጥ ቀለም ትርፉ ድካም ነው። የግንባታ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የሚነግረው የቦትሺርካ ማዘጋጃ ቤት ነው።

በጥያቄው ደብዳቤ ውስጥ የአፓርታማው ቁጥር፣ የመስኮቶቹ ብዛትና ልክ፣ የታሰበው ሸራ ዓይነት፣ የአሰቃቀሉ ዘዴና ሥራውን የሚሠራው ኩባንያ ይጠቀሳሉ። በመልሱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ግልጽ መሆን አለባቸው፦ ሸራው ወድቆ ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፣ ነዋሪው ሲለቅ ሸራው ይነቀል ወይስ ይቅር የሚለው፣ ግድግዳው ሲታደስ የማውረጃና የመልሶ መስቀያ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን። የቃል ፈቃድ አስተዳዳሪው ሲለወጥ አብሮ ስለሚጠፋ አያስተማምንም።

በአንድ መወጣጫ ደረጃ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች አንድ ላይ ቢያመለክቱ ጥያቄው ይጠነክራል፤ በጋራ የሚገዛ ሸራ ላይም ዋጋ ለመደራደር ይቀላል።

ደረጃ 3፦ የሸራውን ዓይነት መምረጥ

የተለመደው የመስኮት ማርኪስ ከመስኮቱ በላይ ጥቅሉ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክንዶች አሉት። ክንዶቹ በመስኮቱ ጎን ከተተከሉበት ነጥብ ላይ እየዞሩ ሸራውን ወደ ፊትና ወደ ታች ያወርዱታል። ለደቡብ፣ ለምሥራቅና ለምዕራብ መስኮት በአንድነት የሚያገለግል፣ ከሌሎቹም ቀለል ያለ ነው። ሸራው ሲዘረጋ በሥሩ አየር ስለሚዘዋወር መስኮቱን ከፍቶ መቀመጥ ይቻላል።

ማርኪሶሌት በመጀመሪያ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይወርድና ታችኛው ክፍሉ ብቻ ወደ ፊት ይወጣል። ለረጃጅም መስኮቶችና ለምዕራብ ፀሐይ ይስማማል፤ ከሥሩ ወደ ደጅ ማየትም ይቻላል።

ቀጥ ብሎ የሚወርደው ማርኪስ፣ ብዙዎች ስክሪን የሚሉት፣ በሁለት ሐዲዶች መካከል ይወርዳል። ጨርቁ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳያል። ዝቅ ያለውን የምሽት ፀሐይ ለመያዝና ነፋስ ለመቋቋም የተሻለ ነው፤ ጠርዙ በሐዲዱ ውስጥ የተያዘው ዓይነት በተለይ ጠንካራ ነው። ጉድለቱ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮትን መከልከሉና ዋጋው ከፍ ማለቱ ነው።

የበረንዳ ማርኪስ የበረንዳውን በርና መስኮት በአንድነት ይሸፍናል። ከዓይነቶቹ አንዱ በበረንዳው ወለልና ጣሪያ መካከል በሚወጠሩ ሁለት ምሰሶዎች ስለሚቆም ግድግዳ መብሳት አያስፈልገውም። ለተከራይ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፤ ከውጭ ስለሚታይ ግን ለእርሱም ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ከመምረጥ በፊት የመስኮቱ አከፋፈት ይፈተሻል። ወደ ውጭ የሚከፈት ወይም በመካከሉ የሚሽከረከር መስኮት ከሸራው ክንድ ጋር መጋጨት የለበትም። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ወደ ፊት የሚወጣበት ርቀት ይለካና ለሻጩ ይነገራል።

ደረጃ 4፦ መጠኑን ማስላት

ከፍታው 1.30 ሜትር የሆነን መስኮት እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ በጁን 21 ቀትር ላይ የደቡብ መስኮትን በሙሉ ለማጥላት ከመስኮቱ ራስ ላይ አግድም የወጣ ጥላ 0.94 ሜትር ርዝመት ይበቃዋል። በኦገስት አጋማሽ ለዚሁ መስኮት 1.30 ሜትር ያስፈልጋል። ለምዕራብ መስኮት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ግን 2.67 ሜትር ይጠይቃል። ይህን ያህል ርዝመት በመስኮት ላይ መስቀል አይቻልም። አግድም ጥላ ለምዕራብ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ታች የሚወርደው ክንድ ችግሩን ይፈታል። የክንዱ ርዝመት 0.80 ሜትር ሆኖ ከመስኮቱ ራስ 0.80 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢተከል፣ ክንዱ አግድም በሚሆንበት ጊዜ የሸራው ጫፍ ከራሱ 0.80 ሜትር ወርዶ፣ 0.80 ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ ይቆማል። በ26 ዲግሪ የምትመጣው ፀሐይ ከጫፉ ሥር ሾልካ የምታገኘው ከመስኮቱ ታችኛውን 11 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክንዱ ከአግድም 45 ዲግሪ ዝቅ ሲል ደግሞ ጫፉ ከራሱ 1.37 ሜትር ስለሚወርድ መስኮቱ በሙሉ ይሸፈናል። አጠር ያለ ክንድ ያለው፣ በትክክል የተተከለ ማርኪስ ከረጅም አግድም ጥላ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ስፋቱ ሲወሰን ፀሐይ ከጎን እንደምትመጣም ይታሰባል። ሸራው ከመስታወቱ በግራና በቀኝ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መብለጥ ይኖርበታል። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መስኮቶች በአንድ ሰፊ ሸራ ቢሸፈኑ በመካከላቸው የሚገባው ጨረር ይቀራል። ልኬቱ በሜትር ሦስት ቦታ፣ ማለትም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይወሰዳል፤ የአሮጌ ሕንፃ መስኮት ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። የመጨረሻው ልኬት ግን ሸራውን በሚሰቅለው ኩባንያ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ስህተት ቢፈጠር ኃላፊነቱ የኩባንያው ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ጨርቅና ቀለም

ቀለሙ ክሩ ከመፈተሉ በፊት የገባበት አክሪሊክ ለማርኪስ በሰፊው የሚያገለግል ጨርቅ ነው፤ ቀለሙ በክሩ ውስጥ ስላለ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ ነው። የፈረንሳዩ ዲክሰንና የኦስትሪያው ሳትለር በዚህ ጨርቅ የታወቁ አምራቾች ናቸው። ፖሊስተር እምብዛም አይለጠጥም፣ ዋጋውም ይለያያል፤ ሲገዛ በፀሐይ ስለመደብዘዙ የሚሰጠው ዋስትና መጠየቅ አለበት። ለስክሪን የሚያገለግለው ጨርቅ ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነ የመስታወት ክር ወይም ፖሊስተር ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ ከጠቅላላ ስፋቱ የሚይዙት መቶኛ ተጽፎበት ይሸጣል። 3 በመቶ ከሆነ ጥላው ይበረታል፤ 10 በመቶ ከሆነ እይታው ይሰፋል፣ የሚገባው ሙቀትም ይጨምራል።

ጠቆር ያለና ፈዘዝ ያለ ቀለም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ጠቆር ያለ ጨርቅ ዓይን የሚወጋ ነጸብራቅን በደንብ ይቀንሳል፣ ክፍሉን ግን ያጨልማል። ፈዘዝ ያለው ጨረሩን አብዝቶ ይመልሳል፣ ለስለስ ያለ ብርሃንም ያስገባል። ጠቆር ያለው ጨርቅ ራሱ ቢግልም ሙቀቱ ደጅ ስለሚቀር፣ ከላይ በኩል አየር ማምለጫ ካለው ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም። ቀይና ብርቱካናማ ጨርቅ ክፍሉን በራሱ ቀለም ስለሚያጥለቀልቅ ለሳሎንና ለጥናት ክፍል አይመችም። ናሙናው በሱቅ መብራት ሳይሆን በመስኮቱ ላይ ተይዞ በፀሐይ ይታያል።

ደረጃ 6፦ ነፋስና መቆጣጠሪያ

የውጭ ሸራ ጥላ በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 13561 መሠረት የነፋስ መቋቋም ክፍል ይሰጠዋል። ክፍል 1 በሰከንድ እስከ 8 ሜትር ለሚጠጋ ነፋስ፣ ክፍል 2 እስከ 10.7 ሜትር፣ ክፍል 3 እስከ 13.8 ሜትር ነው። የስዊድን የአየር ትንበያ ነፋስን በሰከንድ ሜትር ስለሚናገር ቁጥሮቹን ማወዳደር ቀላል ነው። በላይኛው ፎቅ ነፋሱ ከምድር ይልቅ ይበረታል፤ ለከፍተኛ ፎቅ ከፍ ያለው ክፍል ይመረጣል። የሲኢ ምልክትና የነፋስ ክፍሉ በሰነዱ ላይ ካልተጻፉ ሻጩ ይጠየቃል።

መቆጣጠሪያው በገመድ፣ በማዞሪያ ዘንግ ወይም በሞተር ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ሰው ለማይኖርበት ቤት የፀሐይና የነፋስ መለኪያ ያለው ሞተር ይጠቅማል፤ ፀሐይ ሲመጣ ይዘረጋዋል፣ ነፋስ ሲበረታ ይጠቀልለዋል። በባትሪና በትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የሚሠሩ ሞተሮች የግድግዳ ሽቦ አያስፈልጋቸውም። በቋሚነት የሚዘረጋ የ230 ቮልት ሽቦ ግን በኤሌክትሪክ ደኅንነት ባለሥልጣን በተመዘገበ ኩባንያ ብቻ ይሠራል። ለአረጋውያን ቤት ከባድ ማዞሪያ ከመምረጥ ሞተር ይሻላል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ የውስጥ ገመዶች ሕፃን ከሚደርስበት በላይ መጠምጠም ወይም መታሰር አለባቸው።

ደረጃ 7፦ መትከል

በሚሊዮን ቤቶቹ መርሐ ግብር ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች ግድግዳ ብዙ ጊዜ በፋብሪካ ከተዘጋጁ የኮንክሪት ክፍሎች የተገጠመ ነው። የውጭው ሽፋን ቀጭን ሆኖ ከኋላው የሙቀት መከላከያ ሊኖር ስለሚችል፣ ያገኙት ፊሸር ሁሉ አይይዝበትም። ለግድግዳው ዓይነት የሚስማማ ማሠሪያና የማይዝግ ብሎን ያስፈልጋል።

ሁለት አደጋዎች ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ከ1956 እስከ 1973 በተሠሩ ሕንፃዎች የኮንክሪት መገጣጠሚያዎችን የሚዘጋው የላስቲክ መሰል ማሸጊያ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊይዝ ይችላል። የፋይበር ሲሚንቶ ሰሌዳዎችም አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። የግድግዳው ምርመራ ውጤት ከባለንብረቱ ሳይታወቅ መገጣጠሚያው አይቆረጥም፣ ሰሌዳውም በድሪል አይበሳም። ሁለቱም አቧራ ሆነው ወደ ሳንባ ከገቡ የሚያደርሱት ጉዳት ዘግይቶ የሚታይ ነው።

ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ በመስኮት ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ መሥራት ለሕይወት ያሰጋል፤ ከታች የሚያልፍ ሰውም አለ። ሥራው ማንሻ መሣሪያና የኃላፊነት መድን ላለው ባለሙያ ይተዋል።

ደረጃ 8፦ ዋጋና ውል

ዋጋ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያዎች በጽሑፍ ይጠየቃል። የዕቃው፣ የመትከያውና የማንሻው ዋጋ ተለያይቶ መቀመጥ አለበት። ኩባንያው ኤፍ-ስካት የተባለው የግብር ምዝገባ እንዳለው ይጣራል።

በኢንተርኔት ወይም በቤት ለቤት ሽያጭ የተገዛ ዕቃን በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት በስዊድን ሕግ አለ። በገዢው ልክ የተሰፋና የተቆረጠ ሸራ ግን ከዚህ መብት ውጭ ነው። በመሆኑም ልኬቱ፣ ቀለሙና ፈቃዱ ሳይረጋገጥ አይታዘዝም። ከሜይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሸማቾች ግዢ ሕግ ግን ከመጀመሪያው የነበረ ጉድለት በሦስት ዓመት ውስጥ ሲገለጥ ቅሬታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። ደረሰኙና የፈቃዱ ደብዳቤ በአንድ ላይ ይቀመጣሉ።

አጠቃቀምና ጥገና

ሸራው የሚዘረጋው ፀሐይ መስታወቱን ከመምታቷ በፊት ነው። የምሥራቁ ማታ ከመተኛት በፊት፣ የምዕራቡ ከቀትር በፊት መውረድ አለበት። ነፋስ ሲበረታ ወይም ነጎድጓድ ሲቃረብ ይጠቀለላል። በዝናብ የረጠበ ሸራ ተጠቅልሎ ለቀናት ቢቆይ ይሻግታል፤ ዝናቡ እንዳቆመ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ጥላ ብቻውን አያቀዘቅዝም፤ የገባው ሙቀት የሚወጣበት መንገድም ያስፈልጋል። የውጭው አየር ከክፍሉ ሲቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላና እስከ ማለዳ፣ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ መስኮቶች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ቀን የውጭው አየር ከክፍሉ ሲሞቅ ይዘጋሉ። በቤት ውስጥ የሚፈጠር ሙቀትም ይቀነሳል፦ ከ1,000 ዋት በላይ የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለረጅም ሰዓት ስለሚነድ፣ በሙቀት ማዕበል ወቅት እንጀራ በማለዳ መስኮት ተከፍቶ ቢጋገር ይመረጣል።

በዓመት አንድ ጊዜ ጨርቁ በለስላሳ ብሩሽና ለብ ባለ ውኃ ይጸዳል፤ ጠንካራ ኬሚካልና የግፊት ውኃ የጨርቁን ውኃ የማይዝ ሽፋን ያነሣሉ። ብሎኖቹና ክንዶቹ በፀደይ ይፈተሻሉ። በክረምት ሸራው ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ በዲሴምበር 21 አካባቢ የቀትር ፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል የምታስገባው ብርሃንና ሙቀት ለቤቱ ይፈለጋል። በረዶ ወይም ውርጭ የያዘ ሸራ በሞተር አይነካም፤ ጨርቁ ይቀደዳል፣ ሞተሩም ይቃጠላል።

ፈቃድ ሲከለከል

ፈቃድ ያልተገኘ እንደሆነ ሁለተኛው አማራጭ በሁለት መስታወት መካከል የሚገባው፣ ፐርሲየን የተባለው ባለ ቀጫጭን ሰሌዳ መጋረጃ ነው። በተያያዙ ሁለት ክፈፎች የተሠሩ የስዊድን መስኮቶች ይህን ለመግጠም ያመቻሉ፤ ከውስጥ መጋረጃ ይበልጣል፣ ከውጭ ሸራ ያንሳል። ሦስተኛው ጀርባው ነጭ ወይም ብርማ የሆነ፣ ከመስታወቱ ጋር ተጠግቶ የሚወርድ የውስጥ መጋረጃ ነው። በመስታወት ላይ የሚለጠፍ የፀሐይ ፊልምም አለ፤ ሆኖም መስታወቱን እኩል ባልሆነ መጠን አሙቆ ሊሰነጥቀው ስለሚችል የባለንብረቱ ስምምነት ያስፈልጋል። በነዚህ ያልበረደ ክፍል ውስጥ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ የሚኖር ከሆነ፣ በሙቀት ማዕበል ቀናት አልጋው ወደ ሰሜኑ ክፍል ይዛወራል፤ ለባለንብረቱም ስለ ቤቱ ሙቀት በጽሑፍ ማመልከት ይገባል።

በሁስቢል ላይ

በጋውን በሁስቢል፣ ማለትም መኖሪያ በሆነ መኪና፣ ለሚያሳልፉ ቤተሰቦች መርሁ ያው ነው፤ ሙቀቱ ከመስታወቱ ውጭ ይያዛል። ልዩነቱ መኪናው ሊዞር መቻሉ ነው። የጎን ሸራው አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ቀኝ፣ በበሩ በኩል ስለሚገኝ፣ አፍንጫው ወደ ደቡብ ሆኖ ሲቆም ሸራው ምዕራብን ያያል፣ የምሽቱን ፀሐይም ይይዛል። ትልቁ የፊት መስታወት ያን ጊዜ ለቀትር ፀሐይ ስለሚጋለጥ ከውጭ በሚደረግ ወፍራም መከላከያ መሸፈን አለበት። የጠዋት ፀሐይ የሚያስቸግር ከሆነ አፍንጫው ወደ ሰሜን ይዞራል።

የመኖሪያው ክፍል መስኮቶች በአብዛኛው ከላይ የታጠፉ፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ባለሁለት ሽፋን አክሪሊክ ናቸው። የሚሰቀለው የመስኮት ሸራ መስኮቱ ሲከፈት ለሚወጣው ርቀት ቦታ መተው አለበት፤ አለዚያ ጥላው ተገኝቶ አየሩ ይታጣል። አክሪሊክ በመስታወት ማጽጃ ኬሚካል ስለሚሰነጣጠቅ በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይጸዳል። የስዊድኑ ቱሌና የጣሊያኑ ፊያማ የጎን ሸራ፣ የስዊድኑ ዶሜቲክ ደግሞ መስኮቶችን ከነውስጥ መጋረጃቸው ያመርታሉ። ከመግዛት በፊት የሸራው ክብደት በመኪናው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ላይ ይደመራል፤ በተለመደው የቢ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በዝናብ ጊዜ ውኃ እንዳይጠራቀም የሸራው አንዱ እግር ዝቅ ይደረጋል። ነፋስ ሲነሣና ሰው ከመኪናው ሲርቅ ሸራው ይጠቀለላል፤ ከመነሣት በፊትም መዘጋቱና መቆለፉ በመኪናው ዙሪያ በእግር ተዞሮ ይረጋገጣል።